አማች ያደረግነው ባለኮይን

ሰው ብሩን ለማን እንደሚሰጥ ማየት ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። ለገዛ ወንድሙ አምስት መቶ ብር ለማበደር ዓይኑ ደም የሚለብስ ሰው፣ ስልክ ውስጥ ላለ፣ ተነክቶ ለማይታወቅ ነገር ጥሪቱን አራግፎ ይሰጣል። ሰው ለማማት እንዳይመስላችሁ፤ እኔም አለሁበት።

ናቲ እኛ ግቢ ተከራይቶ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። ላፍቶ ሰፈር ውስጥ ማን ከማን እንደተወለደ እኔን ጠይቁኝ፤ የሱን ግን አላውቅም። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ኮምፒውተር ላይ ያፈጣል። አንድ ቀን በሰፈራችን ስም የስልክ ገንዘብ ሠራሁ አለን፤ ላፍቶ ኮይን። አሁን በርካሽ ገዝታችሁ ሲወደድ ትሸጣላችሁ ነው ነገሩ። እኔ ጣሪያዬ ስለሚያፈስ ለቆርቆሮ ያጠራቀምኩትን አርባ ሺህ ብር ሰጠሁ፤ ክረምት ሳይገባ እጥፍ ይሆናል ብዬ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደጉ ደግሞ ከመሬት ካሳቸው የተረፈችውን ሰጡ፤ ሌላውም እድርተኛ እንደየአቅሙ ገባበት።

ከሰጠን በኋላ ፍርሃት ያዘን። እቁብ እንኳ የደረሰው ሰው ዋስ ጠርቶ አይደል የሚወስደው? ጋሽ ደጉ ናቲን አስጠሩት።

"ልጄ፣ ዋስህ ማነው?"

"ጋሼ፣ ይሄ ዋስ አያስፈልገውም። የሚታመነው ሰው ሳይሆን ኮዱ ነው።"

"የት ነው የሚኖረው እሱ?"

"የትም። ሁሉም ቦታ አለ።"

"እንደሱ ያለው እግዜር ነው" አሉ ጋሽ ደጉ። "እግዜርን ዋስ ጠርቶ እቁብ በልቶ የጠፋ ደግሞ አይተናል።"

እድርተኛው ተሰበሰበ። አንዱ መታወቂያውን እንቀማው አለ። አንዷ ጫማውን እንደብቅ አለች፤ አንድ ጫማ ብቻ ነው ያለው ብላ። እኔ ግን፣ ሐሳቡ የሌላ ሰው ነው ቢሏችሁ እንዳታምኑ፣ "ዘመድ የሌለው ሰው ነው የሚጠፋው፤ እዚሁ እንዳረው" አልኩ። የጋሽ ደጉ ልጅ ሰብለ ከሱ ጋር በር ላይ ስትሳሳቅ ሦስቴ አይቻለሁ። እሺ ትል እንደሆነ ብንጠይቃት፣ "እኔም እኮ እሱ ጋ ሃያ ሺህ አለኝ" አለች።

የሴት ወገን ወደ ወንድ ሽማግሌ ሲልክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ላክን። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ደርበው የናቲ አልጋ ላይ ተደርድረው ተቀመጡና "ልጃችንን አግባልን" አሉት። ልጁ ኮይኑን መልሰው ብራቸውን ሊጠይቁት የመጡ መስሎት ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ነገሩ ሲገባው እንዴት ያለ ፈጣን እሺ አለ መሰላችሁ። የእድሩ ድንኳን ተተከለ፤ ሰንጋውን አዋጥተን ገዛን። ብራችን እንዳይበላ ብለን ሌላ ብር በላን።

ናቲም አልጠፋም። የጠፋው የኮይኑ ዋጋ ነው፤ ሰኔ ላይ ባዶ ገባ። ዝናቡ አልጋዬ ላይ ሲወርድ ብድግ ብዬ ጋሽ ደጉ ቤት ሄድኩ። ናቲ ከወንበሩ ተነስቶ ጉልበቴን ሳመ፣ "እትዬ ዘነቡ፣ ይቀመጡ" አለኝ፣ ሰብለ ምሳ አቀረበች። ጎርሼ ስጨርስ "ብሬስ?" ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ደጉ ቀደሙኝ።

"ዘነቡ፣ አማች ብር ይጠየቃል እንዴ? ነውር ነው።"

"የርስዎ አማች ነው እንጂ የኔ ምኔ ነው?"

"ሽማግሌ ላኩ ያልሽው ማነሽ?"

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ ከራሷ አሳጠረች አሉ። ሰፈሩ በሙሉ አማቱ ሆኗል፤ ማን ደፍሮ ይጠይቀው?

ባለፈው እሁድ ከጎረቤት ሰፈር፣ ከለቡ መብራት ኃይል፣ አራት ሰዎች መጡ። ናቲ አዲስ ኮይን ሊሠራላቸው ኖሮ፣ ብር ከመስጠታቸው በፊት ጠባዩን ሊያጣሩ ነው። "ልጁ ይታመናል?" አሉ።

ጋሽ ደጉ ወደ መሬት እያዩ፣ "አማቼ ነው" አሉ። ሰዎቹ ፊታቸው በራና ወደኔ ዞሩ።

ምን ልበል? ከነሱ ሲያገኝ ምናልባት ለኔም ቆርቆሮ ያህል ይወጣ ይሆናል። "አማቻችን ነው" አልኳቸው። ዋሽታለች የሚል ካለ የሠርጉን ፎቶ አሳየዋለሁ።