ፎቶዎች የፈረዱብኝ ስብሰባ

ሕልም የሌሊት ነው ይላሉ። እኔ ግን ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ስብሰባ መካከል ተቀምጬ፣ ከነመነጽሬ አየሁ። ጥፋቱ የምሳው ነው። ለሰባት አዛውንት ጥብስና ቅቅል ካበሉ በኋላ «አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንግባ» ማለት ግፍ ነው።

ዋናው ነጥብ ደጀኔ ነበር። ደጀኔ ሁሪሳ የከተማችን ልጅ ነው፣ ሯጭ ነው። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ሠላሳ አንድ ዓመት ስፖርት ያስተማርኩ ሰው ስሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓት ይዤ ያስሮጥኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ጊዜ ባሕር ተሻግሮ በአሥር ሺህ ሜትር አሸነፈ። በሦስተኛው ግን አሸንፎ ሲመረመር የተከለከለ መድኃኒት ተገኘበት። ሜዳሊያውን ተነጠቀ፣ አራት ዓመት ታገደ፣ ቅጣቱን ጨርሶ አገሩ ገባ። በስታዲየማችን አዳራሽ የታላላቅ ሯጮቻችን ፎቶ የሚሰቀልበት «የክብር ግድግዳ» አለ። የደጀኔ ፎቶ ይሰቀል ወይስ አይሰቀል? ይህን እንድንወስን ነው ሰባት ሰው የተሰበሰብነው።

ሰብሳቢያችን ወይዘሮ ብዙወርቅ «ሕግ ሕግ ነው፣ መርፌ የተወጋ ሰው ፎቶ ሰቅለን ለልጆቻችን ምን ልንላቸው ነው?» አሉ። እህል ነጋዴው ሐጂ ቃሶ ደግሞ «ከመርፌው በፊት ሁለቴ ያሸነፈውንስ ማን ይወስድበታል? ዝንብ ወተት ውስጥ ቢገባ ዝንቡ ይወጣል እንጂ ወተቱ ይደፋል እንዴ?» ብለው ተነሡ። «እንደ ዝንቡ ነው!» አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ። ሐጂን ጨምሮ ሦስቱ ይሰቀል፣ ወይዘሮን ጨምሮ ሦስቱ አይሰቀል አሉና ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ጋሽ ሰይፈ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ሁለቱም ወገን እውነት አለው» አልኩ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ወጥቼ ቁጭ አልኩበት። አይሰቀል ብል የደጀኔ እናት ጎረቤቴ ናት፣ አጥራችን አንድ ነው፤ በምን ዓይኔ አያታለሁ? ይሰቀል ብል በንጹሕ ጉልበታቸው የሚሮጡት ልጆች ወላጆች ይታዘቡኛል። ደግሞም ለኮሚቴው ያልነገርኩት አንድ ነገር በሆዴ ነበረ። ስለዚህ የሚያስብ ሰው መስዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሕልሙ የጀመረው እዚያ ነው።

ዓይኔን ስገልጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅያለሁ። በኮቴ ኮሌታ ነው የሰቀሉኝ፣ በአንዲት ሚስማር። ከጎኔ ሐጂ ቃሶ ዘመም ብለው ተንጠልጥለዋል፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ወይዘሮ ብዙወርቅ በወርቅ ቀለም ፍሬም ውስጥ ሆነው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ታች በጠረጴዛው ዙሪያ፣ በእኛ ወንበሮች ላይ፣ ፎቶዎቹ ከነመስታወታቸው ተቀምጠዋል። በሰብሳቢው ወንበር ላይ የሻምበል ኢተፋ ፎቶ ነበር። ሻምበል የከተማችን የመጀመሪያው ሯጭ ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ግራ ጆሮአቸውን ምስጥ በልቶታል። ሁለት ጉንጫቸውን በእጃቸው ያሹ ነበር።

«ሻምበል፣ አመመዎት እንዴ?» አልኳቸው ከላይ።

«ፎቶ አንሺው 'ሳቅ ይበሉ' ካለኝ አርባ ዓመቴ ነው» አሉኝ። «በቃዎት ያለኝ ሰው የለም።»

ከዚያ ጠረጴዛውን መቱና «የዛሬው አጀንዳ፣ ይህ ሰውዬ እላይ ይቆይ ወይስ ይውረድ የሚል ነው» አሉ።

«ምን ሠርቶ ነው የተሰቀለው?» አለች አትሌት ሌንሴ። እሷ ባለቀለም ፎቶ ናት፤ ዋንጫዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ኦቾሎኒ ትበላበታለች።

«ሰዓት ይዟል።»

«ሰዓቱ ደህና ነበር?»

«ሰዓቱ በጣም ደህና ነበር።»

«እንግዲያው ሰዓቱ ይሰቀላ!»

ፎቶዎቹ በሙሉ አጨበጨቡ፤ መስታወታቸው ተንቀጫቀጨ። እኔ ተናደድኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለፍቼ ሰዓቴ ሊሾም ነው። ሻምበል ግን እጃቸውን አነሡና «በስሜት አንወስንም፣ ይጣራ። ወደ ሜዳ!» አሉ።

አዳራሹ ወዲያው ስታዲየም ሆነ። ደረጃው ላይ ጋቢ የለበሱ ፈረሶች ሞልተዋል። ሰዎቹ ከአጥሩ ውጭ በገመድ ታስረው ቆመዋል፣ ከፊታቸው ጭድ ተበትኖላቸዋል። አንዱ ፈረስ ለሌላው «የኔ ሰውዬ ከትናንት ወዲህ ምግብ አልቀምስ ብሎኛል» ሲል ሰማሁ። «ስብሰባ አብዝተህበት ይሆናል» አለው ጓደኛው።

ሽጉጡ ተተኮሰ። ማንም ንቅንቅ አላለም። በዚያ አገር አንደኛ የሚወጣው መጨረሻ የገባው ነው። ሯጮቹ መነሻው መስመር ላይ እንደቆሙ፣ በር ላይ እንደተገናኙ እንግዶች መገባበዝ ጀመሩ።

«ቅደም ወንድሜ።»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ! አንተ ቅደም እንጂ።»

«በሞቴ!»

«አፈር ስሆን! ታላቄ አይደለህም?»

አንዱ የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ አለና ሃያ ደቂቃ ሙሉ አሰረ። ፈረሶቹ ብድግ ብለው አሽካኩለት፣ ክብረ ወሰን ነው ተባለ። አንድ ምስኪን ድንገት አነጠሰውና አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ፤ አሠልጣኙ ራሱን ይዞ «ጉድ ሠራኸኝ! የአራት ዓመት ልፋት!» እያለ አለቀሰ። ሌላውን ዳኛው አፉን አሸተተና «ገንፎ በልቷል! ከነቅቤው!» ብሎ ጮኸ። እግር የሚያስር ገንፎ በዚያ አገር ክልክል ነው። ልጁ ጉልበቱን አቅፎ «ቪታሚን ነው ብለው ነው ያበሉኝ!» ይላል፣ ማን ሰምቶት።

ደጀኔም እነሱ መካከል ነበረ። እንደ ዱሮው፣ እንደ አሥራ ስድስት ዓመቱ ቀጭን ነው። እሱ አልተገባበዘም፤ ሮጠ። ብቻውን፣ ተረከዙ መሬት ሳይነካ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ዙሩን በላው። እጄን ኪሴ ከትቼ ሰዓቴን ፈለግሁት፣ የለም፤ ተሹሟል። ቢሆንም ሲሮጥ ሳየው ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ። እንዲህ ነበር እኮ ሲሮጥ፣ ማንም ምንም ሳይወጋው በፊት።

ፈረሶቹ ግን ጭድ ወረወሩበት። መርምረውት ምንም ስላጡበት «ንጹሕ! ንጹሕ!» እያሉ ሰደቡት። አንዲት ባዝራ ልጇን በጋቢዋ ሸፍና «አትየው፣ ባለጌ ነው» አለች። ወርቁን ያገኘው ለውድድሩ ያልተመዘገበ፣ ቤቱ የተኛ አንድ ሰው ሆነ። እንዳይቀሰቅሱት የልዑካን ቡድኑ ሜዳሊያውን ይዞ በጫማው ጫፍ እየረገጠ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቀጥሎ ራሴን የምርመራ ክፍል ሰልፍ ላይ አገኘሁት። የሽንት ብርጭቆ ይዘው የተሰለፉት ሹሞች፣ ዳኞችና ኮሚቴዎች ናቸው፤ ነጭ ካፖርት የለበሱት ሯጮች ናቸው። ከፊቴ የቆመ አንድ ትልቅ ሹም ብርጭቆውን ለጸሐፊው ሰጥቶ «አንተ ሞልተህ አምጣልኝ፣ እኔ እፈርምበታለሁ» አለው። በሩን የሚጠብቀው ፈረስ እንቢ አለ። ሹሙ ተቆጣና «እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» ሲል፣ ፈረሱ «እሱን ለማወቅ እኮ ነው ሽንት የምንቀበለው» አለው።

ተራዬ ደረሰ። ካፖርት ለብሶ የተቀመጠው ደጀኔ ነበር። ብርጭቆውን ይዤ ቆምኩ፣ አልመጣ አለኝ።

«አይቸኩሉ ጋሼ» አለኝ በትሕትና። «እኔም ያኔ ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኛል።»

እንደ ምንም ሰጠሁ። ደጀኔ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው፣ ወዘወዘው፣ ፊቱ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ ይሉኝታ ተገኝቶብዎታል።»

«ስንት?»

«ከሚፈቀደው መቶ እጥፍ። ይህን ሁሉ ይዘው እንዴት በእግርዎ መጡ?»

«ሳላውቅ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ይጠቅምሃል እያሉ ነው የሰጡኝ! ከእናቴ ወተት ጋር ነው!»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አለ በረኛው ፈረስ።

ሁለተኛው ናሙና ይከፈትልኝ አልኩ፤ መብቴ ነው። ደጀኔ የታሸገውን ጠርሙስ ከፈተው። ከውስጡ ሽንት አልወጣም። ጉርሻ ወጣ። ትልቅ፣ ትኩስ፣ ወጡ የሚንጠባጠብ፣ ቡጢ የሚያህል ጉርሻ። ደጀኔ በሁለት እጁ ተቀብሎ አሳየኝ።

«ይቺን ያስታውሷታል?»

እንዴት እረሳታለሁ። ለኮሚቴው ያልነገርኩት እሷን ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ በመስቀል ዕለት፣ ደጀኔ ሁለተኛውን ድሉን ይዞ ሊጠይቀኝ ቤቴ መጣ። ማዕድ ቀርቦ እያለ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር። አዲሱ አሠልጣኝ መርፌ ይወጉኛል፣ ምንድን ነው ስላቸው አይነግሩኝም» አለኝ። ገብቶኛል። የተማርኩ ሰው ነኝ፣ እንዴት አይገባኝም? ነገር ግን ከቀጠለ ልመልስለት ነው፤ ከመለስኩለት ከአሠልጣኙ ጋር ሊጣላ ነው፤ ከተጣላ ከተማው ሁሉ ልጁን ያበላሸው ሰይፈ ነው ሊለኝ ነው። «በዓመት በዓል የምን መርፌ ታወራለህ! ብላ!» አልኩና ያቺን ጉርሻ አፉ ውስጥ ሞጀርኳት። እሷን አላምጦ እስኪውጥ እንግዶች ገቡ። እሱም ደግሞ አላነሣውም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ዝም አይነቅዝም ብዬ ስምንት ዓመት ተቀመጥኩ።

«ውሳኔ!» ሲሉ ሰማሁ ሻምበል ኢተፋ። አዳራሹ ተመልሷል፤ እኔም ሚስማሬ ላይ ተመልሻለሁ። «ተከሳሹ ለአራት ዓመት ከማናቸውም ስብሰባ ይታገድ!»

በደስታ እግሬን አወራጨሁ። አራት ዓመት ያለ ስብሰባ! ይህ ቅጣት ነው ሽልማት? ከጎኔ ሐጂ ቃሶ «እኔንም! እኔም በላሁ፣ እኔም አጎረስኩ!» እያሉ ይለምናሉ።

«ቅጣቱ ደስ ብሎታል» አለች ሌንሴ ኦቾሎኒዋን እየፈለፈለች። «ይለወጥ።»

ሻምበል ጉንጫቸውን ማሸት ትተው ቀጥ ብለው አዩኝ። አርባ ዓመት የሳቀው ፊታቸው አልሳቀም። «እንግዲያው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቃል» አሉ። «እዚህ ከተሰቀላችሁት መካከል ያወቀ፣ አውቆም ዝም ያለ ማን ነው? እጁን ያውጣ።»

ወደ ጎን አየሁ። ሐጂ እጃቸውን ኪሳቸው ከተዋል። ወይዘሮ ብዙወርቅ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ታች ደጀኔ ጉርሻውን እንደያዘ ቆሞ ይጠብቃል፤ አልተቆጣም፣ ዝም ብሎ ብቻ ይጠብቃል። እጄ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደኝ። አነሣሁት። ጣራው እስኪደርስ አነሣሁት።

«እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ!»

በራሴ ጩኸት ነቃሁ። እጄ እንደተሰቀለ ነው። የኮሚቴው አባላት አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ከዚያ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሁሉም ተከተሉት።

«እግዚአብሔር ይስጥልን ጋሽ ሰይፈ!» አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ፣ ከባድ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተንፍሰው። «ከእርስዎ የሚጠበቅ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ይያዝልን።»

ወደ ሐጂ ጆሮ ጠጋ ብዬ «ምኑ ነው የሚያዘው?» አልኳቸው።

«ድምፁ ተሰጥቶ አለቀ እኮ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሦስት ለሦስት ወጣን። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ዝም ስላልክ ድምፀ ተአቅቦ ተብለህ ተጻፍክ። እኩል ሲሆን ደግሞ በደንቡ ሰብሳቢዋ ያለችበት ወገን ነው የሚያሸንፈው። አይሰቀልም።»

«እጄስ?»

«'ለልጁ ማን ይንገረው?' ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ጠረጴዛውን ስናይ አንተ እጅህን አንሥተህ 'እኔ ነኝ' አልክ። ወንድ ነህ፣ አላህ ይስጥህ።»

ተኝቼ ነበር ልል አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን ተጨብጭቧል፣ ተመርቄያለሁ፣ ተጽፏል፤ እንዴት ብዬ? ተነሣሁና ወደ ቤቱ ልሄድ በሩን ከፈትኩ።

ቤቱ መሄድ አላስፈለገኝም። ደጀኔ ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ነበር፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር ጭኑ ላይ አቅፎ። ሲያየኝ ብድግ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎነበሰ፤ ትከሻውን ይዤ ቀና አደረግሁት።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነበርኩ ጋሼ» አለኝ። «ፈርቼ ነበር። እርስዎ ውስጥ እንዳሉ ሲነግሩኝ ግን፣ 'ጋሽ ሰይፈ ካሉበትማ ምን እሆናለሁ' ብዬ ሄጄ ፎቶውን ፍሬም አስገብቼው መጣሁ።»