የአቡ ግርሽ ሃምሳ ሳንቲም

እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ይህን የምለው እንዳትረሳው ነው፤ አሶሳ ውስጥ የሚያስታውሰው ሰው ጠፍቷል። ድሮም ሰዓት የሚያሠራ ጥቂት ነበር፣ ስልክ መጣና ጭራሽ ቀረ። አሁን ሱቄ የሚገባው ሁሉ ሳንቲም በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሚገባው።

ምክንያቱን ታውቀዋለህ። አንድ የማይረባ ቪዲዮ። ሰውየው መስታወት የመሰለ ሃምሳ ሳንቲም ያሳይና፣ ይህን ያገኘ ቤት ይሠራበታል ይላል። ማን ነው የሚገዛው? የት? እሱን አይናገርም። ከዚያ ወዲህ በክልሉ ያለ አሮጌ ሳንቲም ሁሉ ከተቀበረበት ወጣ። ከግልገል በለስ ደውሎ ፎቶ ልላክልህ ያለኝ ሁሉ አለ። ላከም። አውራ ጣቱን ነው ያነሳው።

ለምን እኔ ጋ ይመጣሉ? ጥፋቱ የራሴ ነው። ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ይሠራ የነበረ አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ ሳንቲም ይሰበስባል። ሰዓቱን እስክጨርስለት ቁጭ ብሎ ያስተምረኛል። እውነተኛውንም አንድ ቀን አምጥቶ አሳየኝ። እኔ ደግሞ የተማርኩትን ለአንድ ሰው አወራሁ። ለአንድ ሰው ብቻ! እዚህ ከተማ ለአንድ ሰው ማውራት በድምፅ ማጉያ ከማወጅ በምን ይለያል?

እንግዲህ አንተም እንዳትመጣብኝ እዚሁ ልንገርህ። ነገሩ ፕሩፍ ይባላል። ለገበያ ሳይሆን ለስጦታና ለሰብሳቢ የሚሠራ ሳንቲም ነው። ማተሚያው ይወለወላል፣ ብረቱም ይወለወላል፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ይመታና እጅ ሳይነካው ማስቀመጫው ውስጥ ይገባል። ምስል የሌለበት ቦታው መስታወት ነው፤ ፊትህን ታይበታለህ። አንበሳው ግን አያበራም፤ ውርጭ ያረፈበት ይመስላል። ፊደሉም ጥርት ያለ ነው። ተራው ሳንቲም አዲስ ሲሆን ያብረቀርቃል፤ ስታዘነብለው ብርሃኑ ላዩ ላይ ይዞራል እንጂ ፊትህን አያሳይህም። ሰው የፈተገው ደግሞ አንበሳውም ባዶ ቦታውም እኩል ያበራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ማን ይሰማል? አቶ ይማምን እንኳ ውሰድ። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚሁ ያረጁ ገበሬ ናቸው፤ ጨዋ ሰው። መጀመሪያ የጠቆረ ሃምሳ ሳንቲም አመጡ። ተራ ነው አልኳቸው። በአመድና በሎሚ አሽተው ተመለሱ። አሁንም ተራ ነው አልኳቸው። በጥርስ ሳሙና መጡ። በመጨረሻ ጋራዥ ወስደው፣ የሞተር ብስክሌት ቸርኬ በሚወለወልበት ማሽን አስወለወሉት። አንበሳው ጎፈሩ ተላጭቶ ጥጃ መስሏል።

"አቶ ይማም፣ አንበሳው የታለ?" አልኳቸው።

"አብሽር ወንድሜ! ማብራቱን እይ እንጂ!"

ስቀህ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን እስቅ ነበር። በቀን አሥር ጊዜ "አይደለም" ማለት ግን ያደክማል። አይደለም ስትለው እኮ ሰው ዝም ብሎ አይሄድም። በሐሳቡ ሠርቶ ጣሪያ ቆርቆሮ ያለበሰውን ቤት እንዳፈረስክበት ነው የሚያይህ።

እማማ ሐዋ የመጡት እንዲህ ዝዬ በተቀመጥኩበት ቀን ነው። በኩርሙክ መንገድ ካሉት መንደሮች የአንዱ ሰው ናቸው፤ የበርታ ሴት፣ ረጅም፣ በቢጫ ቶብ የተጠቀለሉ። ሳንቲሙን ከደረታቸው ሥር ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፣ እኔ ገና ሳልነካው፣ "ተራ ነው በለኝ" አሉ።

እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ሁሉም አይደለም እንዳልል ነው የሚለምነኝ። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። ተቀመጡና አወሩኝ።

ባላቸው አብዱልቃድር በወጣትነቱ መንገድ ሊለኩ ከመጡ መሐንዲሶች ጋር ሠርቷል፤ መለኪያ እንጨት ተሸካሚ ነበር። አለቃው ሲሰናበት ይህን ሳንቲም በትንሽ ፕላስቲክ ማስቀመጫ ሰጠው። አብዱልቃድርም ለእማማ ሐዋ፣ ይህ ዕቃ ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም አላቸው። እሳቸው ሳቁ። አንድ ቀን እሱ እርሻ ሳለ ጨው አለቀ፤ ማስቀመጫውን ሰብረው፣ ሳንቲሙን ለዟሪ ነጋዴ ሰጥተው ጨው ገዙ። ያኔ ሃምሳ ሳንቲም ጨው ይገዛል።

ባልየው ሲመለስ ሰማ። አልጮኸም። ጫማውን አጠለቀና የነጋዴውን እግር ተከትሎ ኩርሙክ ድረስ ሄደ፤ ሁለት ቀን በእግሩ። ነጋዴውን ለምኖ የሳንቲም ቆርቆሮውን ፀሐይ ላይ አስዘረገፈው። ከዚያ ሁሉ መሐል አንዱን አነሳ። ነጋዴው እንዴት አወቅከው ሲለው፣ "ጺሜን አየሁበት" አለ። ሌላ ሃምሳ ሳንቲም ሰጥቶ የራሱን ይዞ ተመለሰ።

"እኔ ምን አልኩ?" አሉኝ እማማ ሐዋ። "ለሃምሳ ሳንቲም ጫማ ጨረሰ አልኩ። ሳንቲም ሁሉ አንድ ነው አልኩ። ሦስት ወር አላናገረኝም። ውሃ ሲፈልግ ለጎረቤት ይነግራል፣ ጎረቤት ለእኔ ይነግራል።"

ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን እማማ ሐዋ ወሬ ያውቃሉ። ታሪኩን ሠርግ ላይ አወሩት፣ ሰው ሳቀ። ሌላ ሠርግ ላይ ደገሙት። መንደሩ ለሰውየው ስም አወጣለት፤ አቡ ግርሽ፣ የሳንቲም አባት። ልጅ አዋቂው አቡ ግርሽ ይለው ጀመር። እሱም መልስ መስጠት ተወ፤ ቀስ በቀስም ሰው መሐል መቀመጥ ተወ። ባለፈው ክረምት ሞተ። ሊቀብሩ የመጡትም ያኔ እንኳ "አቡ ግርሽ አረፈ" ነበር የሚሉት።

"አሁን ልጆች ያን ቪዲዮ በስልክ አሳዩኝ" አሉ። "ፈራሁ። ተራ ከሆነ ቀልድ ነው። ተራ ካልሆነ፣ እኔ አርባ ዓመት ሰው በሐቀኛ ላይ እንዲስቅ አደረግኩ። ሺ ብር አልፈልግም። ተራ ነው በለኝ።"

ሳንቲሙን በጠርዙ ይዤ ወደ በሩ ብርሃን አዞርኩት። አጉሊ መነጽሩ አላስፈለገኝም። የደከመው ፊቴ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ በፊቴ ላይ ነጭ አንበሳ ተደርቧል።

ስንት ወር ሙሉ እውነተኛውን ይዞ የሚመጣ ሰው እስካይ ጓጉቼ ነበር! አሁን ደግሞ ባላየሁት አልኩ። "ተራ ነው" ብላቸው ማን ያውቅብኛል? ቃሉን እንደሆነ ለምጄዋለሁ፣ አፌ ላይ ነው ያለው። ግን ያ ሰው ሁለት ቀን በእግሩ ሄዷል። እኔም ደግሜ አቡ ግርሽ ልበለው?

"እማማ፣ ተራ አይደለም" አልኳቸው።

የቶባቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አደረጉ። የማጽናናቸው መስሎኝ አጉሊ መነጽሩን አነሳሁና መስታወቱ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ጭረቶች አሳየኋቸው። በነጋዴው ቆርቆሮ ውስጥ ከሌላው ሳንቲም ጋር ሲጋጭ የተጫረ ነው፤ ሰብሳቢ ቢያየው ከዋጋው ብዙውን ይቀንስበታል፣ ቤት የሚያሠራ አልነበረም፣ ስለዚህ ብዙም አልቀረብዎትም አልኩ። ምን ዓይነት ማጽናናት ነው? ጨው የገዙበትን ቀን ምልክት በአጉሊ መነጽር ማሳየት!

እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው አዩት። ቆይተውም ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ስደነግጥ፣ ለካስ እየሳቁ ነው። እንባቸውም ይወርዳል፣ ይስቃሉም።

"ኸላስ፣ በቃ" አሉ ሳንቲሙን መልሰው እየጠቀለሉ። "መንደር ሄጄ እነግራለሁ። በሠርግ አወራሁ፣ በሠርግ እመልሳለሁ። ጁምዓ ደግሞ ዱዓ አደርግለታለሁ፤ 'አብዱልቃድር፣ አንተ ልክ ነበርክ' እለዋለሁ።"

"ጭረቱንስ ይነግሩታል?" አልኳቸው።

በሩ ላይ ቆመው አሰቡበት።

"አልነግረውም" አሉ። "አንድ ጊዜ ካሸነፈ ይበቃዋል። ሁለት ጊዜ ካሸነፈ፣ ወላሂ፣ እዚያ ሆኖም አያስቀምጠኝም።"