እሺ የምትል አያት

እምቢ ከሚል ሰው ጋር መከራከር ይቻላል። እሺ ከምትል አያት ጋር ግን ምን ይደረጋል? እንዲህ ያለችዋ አያት የሌለችበት ቤት የለም። የልጇን ምክር አንገቷን እየነቀነቀች ትሰማና፣ "እሺ የኔ እመቤት" ብላ የፈለገችውን ታደርጋለች።

የሰፈራችን ነርስ እናት የእነዚህ ሁሉ የበላይ ናት። ክብርት ልብስ ሰፊ! ደንበኛ "እጅጌው ይጠር" ሲላት እሺ እያለች፣ አርባ ዓመት ሙሉ ራሷ ባሻት ልክ ሰፍታለች። ነርሷ ሥራ ስትሄድ የአራት ዓመት ልጇን የምትተወው እሷ ጋ ነው።

"እማዬ፣ አታጉርሺያት። ራሷ ትብላ።"

"እሺ።"

ከሥራ ስትመለስ ልጅቷ አፏን ከፍታ፣ አያት ሩዝ በማንኪያ እያቀበለች ታገኛቸዋለች።

"ኧረ እማዬ፣ እሺ ብለሽኝ?"

"ብያለሁ። የምታኝከው ራሷ አይደለች እንዴ?"

"ልብሷንም ራሷ ትቆልፍ" ስትባልም እሺ ነው። በማግስቱ ግን እየቆለፈችላት፣ "ጣቷ ገና ለጋ ነው። አንቺን እስከ ሰባት ዓመትሽ አልብሼሽ ምን ጎደለሽ?" ትላለች።

ልጅቷ የምትገባበት መዋዕለ ሕፃናት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀር መምህሯ ቁርጡን ተናገረች፤ ራሷ የማትበላና የማትለብስ ልጅ ለሚቀጥለው ዓመት ትቆያለች። ነርሷ አምርራ እናቷ ጋ ሄደች።

"እማዬ፣ ዛሬ ሳንስማማ አልነሳም። ልጄ በእኛ ጭቅጭቅ ዓመት ልታጣ ነው። እምቢ ካልሽ ሞግዚት እቀጥራለሁ።"

እናቷ በመርፌ ቀዳዳ ክር እያስገባች ነበር፤ እጇ ቆመ። ክሩን አሳልፋ ቋጠረችና፣ "እሺ" አለች። ነርሷ በዚያች ቃል ተስፋ ቆርጣ ወጣች።

ሞግዚት ሳይገኝ፣ ልጅቷም አያቷ ጋ እንደዋለች ሁለቱ ሳምንት አለፈ። ትምህርት በተከፈተበት ጠዋት አያት ልትሸኝ መጣች። ረፍዷል። ነርሷ ተንበርክካ የልጇን ሹራብ መቆለፍ ስትጀምር ልጅቷ እጇን ገፋችው።

"ተዪ! ራሴ!"

ምላሷን አውጥታ አምስቱንም ቁልፍ አንድ በአንድ ቆለፈች።

"ማን አስተማረሽ?"

"እማማ! አሮጌ ኮት ላይ ትልልቅ ቁልፍ ሰፍታልኝ ነበር። ከዚያ በየቀኑ እየፈታች በትንንሽ ቀየረችው። መብላትም አስተምራኛለች። ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብላኛለች።"

"ለምን?"

"'አሸነፍኩ ብላ ትኮራብናለች' አለች።"

ነርሷ ዞር ስትል እናቷ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣባት።

"እማዬ፣ ከእንግዲህ ሁሉንም ራሷ ነው የምታደርገው። እሺ?"

"እሺ" አለች አያት፣ ጎንበስ ብላ የልጅቷን ጫማ እያሰረች።

ነርሷ አይታ እንዳላየች ቦርሳዋን አንስታ በሩን ከፈተች።