ኢንጂነሩና የተደፈነው ፊልትሮ

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ነው የዋለው። ዝናብ እንኳ አይባልም፤ የተሰጣ ልብስ እንዳይደርቅ ብቻ ታስቦ የሚወርድ ዓይነት ነው። ከላውንደሪ መግባቴ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ ውዬ የራሴን እርጥብ ቀሚስ ከገመድ ላይ ለማውረድ ስንጠራራ፣ ከግቢው በር በኩል ጩኸት ሰማሁ።

"አንቺ! ቶሎ ነይ! ሞተር ውስጥ ሕይወት አለ!"

ማን እንደሆነ ለማወቅ መዞር አላስፈለገኝም።

እንደኔ እንደኔ፣ በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ዓይነት ሰው ሳይመደብለት የተሠራ አንድም ግቢ የለም። መጀመሪያ ቧንቧ ይገባል፣ ቀጥሎ መብራት፣ ቀጥሎ ሁሉን የሚያውቅ ጎረቤት። ቧንቧው ይቋረጣል፤ መብራቱም ይጠፋል። ሰውየው ግን ተቋርጦ አያውቅም።

የኛው ክቡር ኢንጂነር ይባላሉ። ኢንጂነርነቱን የሰጣቸው ትምህርት ቤት አይደለም፤ እኛ ነን፤ እሳቸውም ሳያንገራግሩ ተቀብለውናል። አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ ጋራዥ መካኒክ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። የወጡት ግን ከጋራዡ እንጂ ከመካኒክነቱ አይደለም። ለእሳቸው ነፍስ ያለውም የሌለውም ሞተር ነው። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ራሷን ሲያማት "ራዲያተርሽ ውሃ ጨርሷል፣ ጠጪ" አሏት። ጠጣች፤ ተሻላት፤ እኛም ከዚያ ጀምሮ መከራችንን እናያለን። የአከራያችን ልጅ ከባሏ ተጣልታ ሻንጣዋን ይዛ ስትመጣ ደግሞ "ፍሪሲዮን ነው" አሉ፤ "ፍሪሲዮን ሳይረግጡ ማርሽ ሲቀይሩ እንዲህ ነው የሚንቋቋው። ሁለታችሁም ቀስ በሉ።" ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች። በሳምንቱ ወደ ቤቷ ስትመለስ ኢንጂነር ሻንጣዋን በዓይናቸው እየሸኙ "ተነሳ" አሉ፤ ትዳሩን ማለታቸው ነው።

አንድ ጠባይ ደግሞ ነበራቸው፤ ደሜን የሚያፈላው እሱ ነው። በገዛ እጃቸው ምንም አይሠሩም። "አንቺ ያዢ፣ እኔ ልንገርሽ" ነው ነገራቸው። የኤሌክትሪክ ምድጃዬ የተበላሸ ጊዜ ደጃፌ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ግማሽ ቀን አዘዙኝ።

"ወደ ቀኝ አዙሪው! ቀኝሽን አታውቂም እንዴ? ትምህርት ሳትጨርሺ ነው መሰለኝ የወጣሽው።"

"ከአምስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፣ ጋሼ። ቀኝና ግራ ግን አንደኛ ክፍል ላይ አልቋል።"

"ታዲያ ለምን ወደ ግራ ታዞሪያለሽ?"

ምድጃው ተሠራ። ምስጋናው የሳቸው፣ የተላጠው ጣት የኔ ሆነ። በልቤ ሰነፍ ሰው ናቸው ብዬ ፈርጄባቸው ነበር።

እንግዲህ እኚሁ ኢንጂነር ናቸው በካፊያው ውስጥ ከአከራያችን አሮጌ መኪና አጠገብ ቆመው የሚጠሩኝ።

"የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ የሚጮህ መስሎኝ ነበር" አሉኝ፤ "የቆመ መኪና ቺንጊያ ደግሞ አይጮህም። ኮፈኑን ክፈቺው።"

ከፈትኩት። ባትሪው ላይ፣ ጭብጥ የማትሞላ ግራጫ ድመት ኩርምት ብላለች። ዓይኗ በዓይናር ተጣብቋል፤ አፍንጫዋ ላይ ንፍጧ ደርቆ ቅርፊት ሆኗል። ሰው የሚባል ፍጥረት አይታ የማታውቅ የዱር ነገር ናት። እጄን ስሰድ ጆሮዋን አጥፋ "ኽ!" አለችብኝ።

"ያዢያት" አሉ ኢንጂነር።

"እርስዎ ለምን አይይዟትም?"

"አንቺ ያዢ፣ እኔ ልንገርሽ።"

ያዝኳት። በፎጣ ብጠቀልላትም አምስት ቦታ ቧጠጠችኝ፤ ስድስተኛውን በፎጣው አልፋ ነከሰችኝ። ኢንጂነር እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንደከተቱ በደስታ ዘለሉ። "ካንዴላዋ ይሠራል!" አሉ። ካንዴላ ማለት ሞተር ውስጥ እሳት የሚጭረው ዕቃ ነው። ስሟም በዚያው ካንዴላ ሆኖ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድን፤ እኔ ካርቶኑን፣ ኢንጂነር ጃንጥላውን ይዘን። ጃንጥላው የሚሸፍነው እሳቸውን ነበር። በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው ሲያየን ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም።

"ሐኪሙ የሉም። ለከብት ክትባት ገጠር ወጥተዋል።"

"መቼ ይመለሳሉ?" አልኩት።

"ከብቱ ሲያልቅ።"

"ሌላ ሐኪም የለም?"

"አንድ ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው ታመው ተኝተዋል።"

ኢንጂነር ደስታቸውን ለመደበቅ ጃንጥላውን ዝቅ አደረጉ። "ግድ የለም" አሉ። "እኛው እናወርዳታለን።" ሞተር ማውረድ ማለት ፈትቶ እያንዳንዱን ብሎን ጨርቅ ላይ መዘርዘር እንደሆነ ስለማውቅ ካርቶኑን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

ካንዴላ ኢንጂነር ክፍል ገባች። ሞቅ ያለ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ፣ ካልሲ አልብሼ አጠገቧ አስተኛሁላት። ከዚያ ትእዛዙ ጀመረ። "ድመት የምትሠራው በወተት ነው" አሉ። በጠብታ ማጠጫ አጠጣኋት። ማታውን ሆዷ ተበጠበጠ።

"ዘይት እያፈሰሰች ነው" አሉ ኢንጂነር፣ ከበርጩማቸው ሆነው።

"ወተቱ ነው፣ ጋሼ።"

"ወተት ነጭ ነው፤ ይሄ ነጭ አይደለም። አታምታቺ።"

ወተቱን ተውኩና ለታናናሾቼ አደርገው እንደነበረው ውሃ አፍልቼ ትንሽ ጨውና ስኳር በጥብጬ፣ አብርጄ፣ ጠብ ጠብ አደረግሁላት። ሆዷ ቆመ። ኢንጂነር "ወተቱ ነው የኋላ ኋላ የሠራው" አሉ።

ምግብ ግን እምቢ አለች። የዕንቁላል አስኳል ሰጠኋት፤ ፊቷን አዞረች። ሥጋ ቀቅዬ አድቅቄ አቀረብኩላት፤ ሳታየው ተኛች። "ነዳጁን ቀይሪላት" እየተባልኩ ሦስት ቀን ነዳጅ ስቀያይር ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ኢንጂነር ከትራሳቸው ሥር የራስ ምታት ክኒን አወጡ።

"ሩቡን ስጪያት።"

"ለእርስዎ የተሠራ ክኒን ለዚች አልሰጥም። ጋሼ፣ ልብ ይበሉ እንጂ፤ ክኒኑ እኮ ጭንቅላቷን ያህላል!"

"መካኒኩ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?"

"ድመቷ መኪና ናት ወይስ ድመት?"

ተኮራርፈን ተለያየን።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ኩርፊያዬን እንደያዝኩ ክፍላቸው ገባሁ። ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ደህና አደርሽም አላሉኝ። ድመቷን ሳነሳት አልቧጠጠችኝም፤ "ኽ" እንኳ አላለችም። እንደ እርጥብ ጨርቅ እጄ ላይ ተዘረጋች።

"ዛሬስ ለምዳኛለች" አልኩ፣ ውሸቴን።

"አልለመደችሽም" አሉ ቀስ ብለው። "እሳቷ እየጠፋ ነው።"

"ምን እናድርግ ታዲያ?"

"አላውቅም።"

አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤታቸው ነኝ። ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ግድግዳው "ደከመኝ፣ ልቀመጥ" ቢለኝ እንደዚያ አልደነግጥም። ኢንጂነር ማጠጫውን አነሱና ራሳቸው ሊያጠጧት ጎንበስ አሉ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ውሃው ጆሮዋ ላይ፣ ጉልበታቸው ላይ፣ መሬቱ ላይ ወረደ፤ ከአፏ በስተቀር ያልደረሰበት ቦታ የለም። ሳያቸው አዩኝ።

"እጄ እኮ ፍሬቻ ከሆነ ቆየ" አሉ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ። "ብልጭ ጥፍት፣ ብልጭ ጥፍት። ከጋራዡ ያስወጣኝ ይሄ ነው። ብሎን ስይዝ ብሎኑ ነው የሚይዘኝ።"

ያ ሁሉ "አንቺ ያዢ፣ እኔ ልንገርሽ" ለካ ስንፍና አልነበረም። አርባ ዓመት ሙሉ ሲሠሩ የኖሩ እጆች ናቸው፣ እውቀታቸውን ይዘው ሥራ ያጡት። ማጠጫውን ከእጃቸው ወሰድኩና በርጩማውን ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

"እኔ ልያዝ" አልኳቸው። "እርስዎ ይንገሩኝ።"

"ምኑን?"

"ሞተር ብትሆን ኖሮ ምን ይሏት ነበር?"

መነጽራቸውን ጠረጉ። ካርቶኑ ላይ አጎንብሰው ጆሯቸውን ደረቷ ላይ ለጠፉ፤ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያዳምጡ እንደነበር ታየኝ።

"ነዳጅ ቀርቦላታል" አሉ። "ባትሪዋ ትንሽም ቢሆን አለ። ግን አትስብም። ነዳጅ የማይስብ ሞተር…" ቀና አሉ። "አየር! ስሚያት፣ በአፏ ነው የምትተነፍሰው! የአየር ፊልትሮዋ ተደፍኗል፤ ፊልትሮ ተደፍኖ ደግሞ ነዳጅ ብትቀያይሪ ምን ዋጋ አለው?"

የአፍንጫዋን ቅርፊት አየሁት። ታናሽ እህቴ ጨቅላ ሳለች ጉንፋን ሲይዛት ጡት እየተወች የምታለቅሰው ትዝ አለኝ። ደግሞስ ሳያሸት የሚበላ ድመት ማን አይቷል?

"ምግቡ አይሸታትም" አልኩ። "ሦስት ቀን ሙሉ ያቀረብኩላት ለእሷ ምግብ አልነበረም!"

"ፊልትሮ ነው አልኩሽ እኮ።"

"ፊልትሮ በምን ይጸዳል?"

"እኛ በኮምፕሬሰር አየር ነበር የምንነፋው።"

"በዚች አፍንጫ?"

ተያየን። "እንፋሎት" አልኩ። "ላውንደሪ!"

"እኔም ልል ነበር" አሉ ኢንጂነር። ሊሉ አልነበረም።

ካንዴላን የአንሶላ ቅርጫት ውስጥ አድርጌ ላውንደሪ ይዣት ገባሁ። ኢንጂነር ተከትለውኝ መጥተው ለበሩ ጠባቂ "ቦይለሩን ለማየት ነው" አሉት። ማንም አልጠራቸውም፤ ግን ባለሙያ ስለመሰሉ አሳለፋቸው። የመተኮሻ ክፍላችን ትልልቆቹ ማሽኖች በተከፈቱ ቁጥር በእንፋሎት ይታፈናል፤ ዓመታት ሙሉ ስረግመው የኖርኩት እንፋሎት ነው። ቅርጫቱን ከሙቀቱ ራቅ አድርጌ ጥግ ላይ አስቀመጥኩ። በሸሚዝና በሸሚዝ መካከል ለብ ባለ የጨው ውሃ ጥጥ እያረጠብኩ አፍንጫዋን አጠብኩላት። ኢንጂነር በጆሮዬ "ቀስ… ከጎን… አትጫኚው… እንደሱ" ይሉኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው አላስጠላኝም።

አለቃችን በድምጿ ብቻ ሱሪ መተኮስ የምትችል ሴት ናት። ልክ እሷ ስትገባ ከቅርጫቱ ውስጥ "እንጥሽ!" የሚል ማስነጠስ ወጣ፤ ደግሞ "እንጥሽ!"፤ ደግሞ ሦስተኛ።

"ይማርሽ" አለች ሳታስበው። ከዚያ ቆመች። "ማነው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ኢንጂነር፣ ደረታቸውን ነፍተው። "የቦይለር ባለሙያ።"

እኔ ግን መጠበቅ አልቻልኩም። ለምሳ የያዝኩትን የሣርዲን ቆርቆሮ ከፍቼ ትንሽ በጣቴ ጫፍ አቀረብኩላት። አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ። ጭንቅላቷ ተነሳ። ላሰችው፤ ደገመችው፤ ከዚያ ዓሣውን ከጣቴ ጋር አብራ ነከሰችው። ደሜ እየወረደ ሳቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ ንክሻ የለም።

አለቃዬ አንሶላውን ገለጥ አድርጋ አየች። ረጅም ጊዜ አየች።

"ይሄ የማን አንሶላ ነው?"

"የአንድ ሆቴል ደንበኛችን።"

"እንደገና ይታጠብ።" በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። "ነገ ስታመጪያት በጓሮ በር ይሁን። የቦይለሩ ባለሙያም በጓሮ በር።"

ስምንት ቀን በጓሮ በር ገባን። በዘጠነኛው ቀን ካንዴላ ቅርጫቱን ትታ መጋረጃ ላይ ወጣች፤ ስናወርዳት ሁለታችንንም ቧጠጠችን።

ሐኪሙ ከብቱን ጨርሰው ሲመለሱ ኢንጂነር ካርቶኑን ታቅፈው ብቻቸውን ሄዱ። ሐኪሙ መርምረዋት "ድናለች፤ ምን አደረጋችሁላት?" ብለው ጠየቁ። ይህን ጥያቄ ኢንጂነርን የሚጠይቅ ሰው አያውቃቸውም ማለት ነው። ከሥራ ስወጣ ገና አልተመለሱም ነበር። ፍለጋ ብሄድ ዘበኛው ሳቀብኝ።

"ሐኪሙ ሁለተኛ ወንበር አስመጥተዋል" አለኝ። "ስለ ፊልትሮ እየተማሩ ነው። አንቺ ነሽ ጎረቤታቸው?"

"ምን አሉ ስለኔ?" አልኩ፣ ለመከላከል እየተዘጋጀሁ።

"'እኔ ወሬው ነኝ፤ እጁ የሷ ነው' አሏቸው። 'እሷ ባትኖር እኔም ድመቷም አልቆልን ነበር' አሉ።"

አጥሩን ተደግፌ እስኪወጡ ጠበቅኳቸው። ሲወጡም "ቆመሽ ጠበቅሽኝ? ጉልበትሽን ነው የምትጨርሺው፤ ባላንስሽ ይበላሻል" አሉኝ። ካርቶኑን ተቀበልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ከላውንደሪው አጥር አጠገብ ክፍል ተገኝቶልኝ ነበር። ጸጥ ያለ ነው፤ ግድግዳውም ወፍራም ነው፤ ጎረቤት የሚባል የለውም። አይቼው ተመለስኩ። ኢንጂነር አሁንም ከኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው የሚኖሩት፤ ካንዴላ አብራቸው ናት።