ሰማንያ ስምንት ያመጣው ዋይፋይ

ቁጥር ሲበዛ ጥሩ ነው ያለው ማን ነው? እኔ ሐርጌሳ ውስጥ የቤት ዋይፋይ እየገጠምኩ ነው የምኖረው። ቁጥር ሲበዛ የሚመጣብኝን ጣጣ እኔ አውቃለሁ።

ኮድቡር ሰፈር እትዬ ሂንዲያ የሚባሉ ደንበኛ አሉኝ። ድሬዳዋ ነው ያደጉት፤ አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል። ባለፈው ልጃቸው እዚያው ድሬዳዋ ኒካህ ልታስር ሆነ። እሳቸው ደግሞ እግራቸው ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል፤ መንገድ አይታሰብም። «የአንዲት ልጄን ኒካህ በስልክም ቢሆን ማየት አለብኝ» አሉኝ። ዋይፋዩን ሳሎን ገጠምኩ። የሲግናል ጉልበት የሚያነብ አፕ ስልካቸው ላይ ጫንኩና፣ ጥሩ ቁጥር የሚያሳይበት ቦታ ይቀመጡ ብዬ ወጣሁ። ጥሩው የትኛው እንደሆነ ሳልነግራቸው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

የኒካሁ ዕለት ጠዋት ደወሉ። ሰማንያ ስምንት አግኝተዋል፤ ምስሉ ግን የለም። በባጃጅ በረርኩ። ስደርስ እትዬ ሂንዲያ ጓሮ፣ የውሃ ታንከሩ ጀርባ ተቀምጠዋል። አራት ሴት ጎረቤቶቻቸው ከነወንበራቸው ተሸክመው ነው ያደረሷቸው። ሴቶቹ ገና ላባቸው አልደረቀም።

«ሳሎኑን ለምን ተዉት?» አልኳቸው።

«ሳሎን አርባ ሁለት ነዋ። አርባ ሁለት ያመጣ ተማሪ ያልፋል እንዴ?»

ከቁጥሩ ፊት ያለችውን ሰረዝ አሳየኋቸው። ከዜሮ በታች ማለት ነው አልኩ። አልተዋጠላቸውም።

«የጉድጓድ ውሃ ያስቡ» አልኳቸው። «አርባ ሁለት ሜትር ላይ ያለውና ሰማንያ ስምንት ሜትር ላይ ያለው፣ ለመቅዳት የቱ ይቀላል?»

ሐርጌሳ ውስጥ የውሃ ነገር የማይገባው ሰው የለም። «አርባ ሁለቱ» አሉና ለጎረቤቶቻቸው በሶማልኛ አስረዱ። ሴቶቹ እኔን አንዴ ገላመጡኝና ወንበሩን አነሱ።

ሳሎን እንደገባን ምስሉ መጣ፤ ጥርት ብሎ። እትዬ ሂንዲያ ልጃቸውን ሲያዩ «አልሐምዱሊላህ» ብለው አለቀሱ። ኒካሁ ታሰረ፣ ሼኹ ዱዓ አደረጉ፣ እኛም አሚን አልን። ከዚያ ሙሽራው ኮፍያውን አውልቆ አማቱን ሰላም ሊል ወደ ካሜራው ጎንበስ አለ።

እትዬ ሂንዲያ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ሙሽራውን እስከዚያ ቀን በደከመ ኔትወርክ እንደ ጥላ ነበር ያዩት። ለካ መላጣ ነው፤ የመስኮቱ ብርሃን አናቱ ላይ ያበራል።

«ጸጉሩስ?» አሉ ልጃቸውን ቀስ ብለው።

«እማዬ፣ እኔ ከቅርብ አይቼው ነው የወደድኩት» አለች ሙሽራዋ።

ሴቶቹ ሲተረጎምላቸው ሳቁ። እሳቸውም ሳቁና ሙሽሮቹን መረቁ።

ልወጣ ስል፣ ይህ የሳሎኑ አርባ ሁለት በመቶኛ ስንት ነው ብለው ጠየቁኝ። ከመቶ ላይ አርባ ሁለት ቀንሶ በሁለት ማባዛት ነው፤ ከመቶ ስለሚያልፍ ድፍን መቶ እንለዋለን አልኳቸው።

ስልኩን አንዴ አዩት።

«አላህ ይስጥህ ልጄ» አሉኝ። «አማች ለማየት ግን ስልሳ ይበቃ ነበር።»