ከምሳ እስከ እራት የሚያነበው እንግዳ

ሰው ፖሊስ ይፈራል፣ የጥርስ ሐኪም ይፈራል። እኔ ግን ከማኒላ በራቀች ደሴት ላይ ባለው የካህናት ማሠልጠኛ ሴሚናሪ ወጥ ቤት ቆሜ ስታዘብ እንደኖርኩት ከሆነ፣ ከሁሉ የሚያስፈራው የሚነበብ ነገር እጃችሁ ላይ አስቀምጦ የሚሄድ ሰው ነው። ፖሊስ ይዞ ይለቃል። ሐኪሙም ነቅሎ ይሸኛል። ይሄኛው ግን አይለቅም። በማግስቱ ፈገግ ብሎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይመጣና «እሺ፣ ስንተኛው ገጽ ላይ ደረስክ?» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። የእናንተው ምናልባት ግጥም ይሆናል የሚጽፈው። የእኛው ይብሳል፤ መጽሔት አለው።

ክቡር አባ ሩፊኖ ማግባኑዋ ይባላሉ። የክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር የጥናት መጽሔት መሥራች፣ ዋና አዘጋጅ፣ አራሚ፣ ፖስታ አሻጊና ቴምብር ለጣፊ ናቸው። መጽሔቱ በዓመት ሁለቴ ይወጣል። ሽፋኑ ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ግማሹ ወደ ሌሎች ሴሚናሪዎች ይላካል፤ እነሱም በልዋጩ የየራሳቸውን ይልካሉ። የእኛ እዚያ ሳይከፈት ይደረደራል፣ የእነሱም እዚህ ሳይከፈት ይደረደራል፤ እንዲህ ተከባብረው ይኖራሉ። የተረፈው ወጥ ቤቴ በር አጠገብ፣ ከሩዝ ጆንያዎቹ ጎን ይቆለላል። ሩዙ ያልቃል።

ግቢው ውስጥ ከአባ ሩፊኖ መሸሽ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መምህራኑ ኮሪደር ላይ ሲያዩዋቸው ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ይለጥፋሉ፤ የደወለ ሰው ግን የለም። ማዕድ ላይ ከሆነ ሁሉም እኩል አፉን በሩዝ ይሞላል፤ የጎረሰ ሰው አይጠየቅም። ተማሪዎቹ ደግሞ «ገና መግቢያው ላይ ነኝ፣ አባ» ማለት ለምደዋል። አንዱ ሴሚናሪ ሲገባ መግቢያው ላይ ነበር፣ ክህነት ተቀብሎ ሲወጣም መግቢያው ላይ ነበር። እሳቸው አይቆጡም። «ግድ የለም፣ መግቢያው ከበድ ይላል» ይላሉ። ከልባቸው ነው መሰለኝ።

አንድ ቀን ከገበያ ያመጣሁትን ደረቅ ዓሣ ስፈታ የተጠቀለለበት ወረቀት የመጽሔቱ ገጽ ሆኖ አገኘሁት። ደነገጥኩ። ሽርጤ ውስጥ ልሸጉጠው ስል አባ ሩፊኖ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምንድን ነው እሱ፣ ኢንዳይ?» ኢንዳይ፣ ልጄ እንደማለት፣ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ለሌላው ሁሉ ማናንግ ፊና፣ እትዬ ፊና እንደማለት፣ ነኝ።

«ወረቀት ነው፣ አባ።»

ተቀበሉኝና በጨው የራሰውን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። አንገቴን ደፋሁ።

«ገጽ ዐሥራ አምስት» አሉ ቀስ ብለው። «ጥሩ ገጽ ነው። ዓሣ ሻጩ አንብቦት ይሆን?»

እኔንም ይጠይቁኛል። የሚያሾፉብኝ እንዳይመስላችሁ፤ እሳቸው ሰው አይመርጡም። «ስንተኛው ገጽ ላይ ደረስሽ፣ ኢንዳይ?» ሲሉኝ «ሩዙ ሊያርብኝ ነው፣ አባ» ብዬ እሮጣለሁ። ትምህርቴን ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ነው። መጽሔቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም ገበያ ላይ ከምንሰማው እንግሊዝኛ ጋር ዝምድና የሌለው።

በኋላ አባ ጆኤማር የሴሚናሪው አለቃ ሆነው መጡ። ወጣት ናቸው፤ ደረጃ ሲወጡ ሁለት ሁለቱን ነው የሚዘሉት። «ወረቀት በዚህ ዘመን ማን ያነባል፣ አባ?» አሉና መጽሔቱን ኢንተርኔት ላይ አወጡት። ከዚያ ለአባ ሩፊኖ አንድ ካርታ አሳዩአቸው። ዓለም ሁሉ ያለበት ካርታ ነው፤ አንድ ሰው መጽሔቱን በከፈተ ቁጥር፣ በከፈተበት አገር ላይ ትንሽ ነጥብ ትበራለች። የትኛውን ጽሑፍ እንደከፈተ፣ ስንት ጊዜ እንደቆየና ገጹ ወደ ታች መውረድ አለመውረዱም ከጎኗ ይጻፋል።

ምነው ባላሳዩአቸው! ኢንተርኔቱ ደህና አድርጎ የሚሠራው ወጥ ቤት ነው፤ ሳጥኑ ከፍሪጁ በላይ ተሰቅሏል። ስለዚህ ክቡር ዋና አዘጋጁ በየጠዋቱ ኮምፒዩተራቸውን ታቅፈው ይመጣሉ፤ የዝንጅብል ሻይ አቀርብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ነጥብ ይጠብቃሉ።

«ናይሮቢ ሰው ገብቷል!»

«እሰይ፣ አባ። ቆየ?»

ወደ ካርታው ጠጋ ይላሉ። ነጥቧ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልቆየችም። «ምናልባት ሥራ ጠርቶት ይሆናል» ይላሉ በመጨረሻ። ለወጣው ሁሉ የሚሰጡት ምክንያት ይሄው ነው። ሊማ ሥራ ጠራው፣ ማኒላ ሥራ ጠራው። ሻያቸው ይቀዘቅዛል። ሌላ ሰው ወጥ ቤቱ ሲመጣ ኮምፒዩተሩን ይዘጉና ሄደው ብቻቸውን መጽሔታቸውን ያርማሉ። ደብዳቤ መጥቶላቸው አይቼ አላውቅም። የሚመጣላቸው መጽሔት ነው፤ እሱም በልዋጭ።

ታዲያ አንድ ጠዋት ጮኹ። ድስት ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

«ሴቡ! ኢንዳይ፣ ነይ እይ! ከባሕሩ ማዶ ሴቡ ከተማ ያለ ሰው ትናንት ከምሳ እስከ እራት አልወጣም! ያውም የእኔን ጽሑፍ ነው!»

ከዚያን ቀን ወዲህ ነጥቧ አልጠፋችም። ከእሑድ በስተቀር በየቀኑ፣ ከምሳ እስከ እራት። አባ ሩፊኖ ፕሮፌሰር ነው አሉ። ትንሽ ቆይተው መነጽር አደረጉለት። በሳምንቱ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ሆነ። «እንዲህ ረጋ ብሎ የሚያነብ ሰው ብቸኛ መሆን አለበት» አሉኝ። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቀና አላልኩም።

የዓመቱ መጨረሻ ሲቃረብ አባ ጆኤማር ማዕድ ላይ ተናገሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጎንበስ ብለው በትሕትና ነው ያሉት። «አባ፣ መጽሔቱ ይብቃው። አንባቢ የሌለው መጽሔት ለራስ ደብዳቤ እንደመጻፍ ነው።»

«አንባቢ አለኝ።»

«አንድ ሰው?»

«ከምሳ እስከ እራት!»

«ስልኩን ከፍቶ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ይሆናል፣ አባ።»

ማዕዱ በሙሉ ሳቀ። አፋቸውን በሩዝ የሞሉት እንኳ ሳቁ። አባ ሩፊኖ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «አልተኛም» አሉ። «ገጹ ይንቀሳቀሳል። ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል።» ሳቁ ቆመ።

አባ ጆኤማርም አፈሩ መሰለኝ፣ «እንግዲያው ይጋበዝ» አሉ። «ለክብረ በዓላችን ይምጣና እንየው። ከመጣ፣ ቃሌ ነው፣ መጽሔቱ ይቀጥላል።»

አባ ሩፊኖ ያንኑ ዕለት በመጽሔቱ ድረ ገጽ ራስ ላይ ጻፉ፦ ክቡር የሴቡ አንባቢያችን ሆይ፣ ማን እንደሆኑ አናውቅም፤ ክፍልዎ ተዘጋጅቷል፤ በበዓላችን ቀን እንጠብቅዎታለን።

ይህንን አንብቤ ለመጨረስ ራሱን የቻለ አንድ ከሰዓት ፈጀብኝ። ስጨርስ በርጩማው ላይ ደርቄ ቀረሁ። የሴቡው ፕሮፌሰር እኔ ነኛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ታይፔ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ስልኩን የላከችልኝ ፊቷን እንዳይበት ነው። የምትደውለው ግን እሑድ ብቻ ነው። በሌላው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ተማሪው ሁሉ ጋደም ሲል፣ ወጥ ቤቱ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ የፍሪጁን ድምፅ እቆጥራለሁ። መጽሔቱን በእጄ ይዤ ቢያዩኝ ይስቁብኛል። ስልክ ላይ ግን ሰው ሁሉ ያፈጣል፤ ምን እንደምታዪ ማንም አይጠይቅሽም። ደግሞ በጣት ሲለጥጡት ፊደሉ ያድጋል። አንዷን ቃል እስክሪኑን እስክትሞላ አሳድጋትና፣ እስክትገባኝ እጠብቃታለሁ። ሴቡ እንዴት እንደገባ አላውቅም ነበር። የስልኬ መስመር በሴቡ በኩል ዞሮ ስለሚመጣ ካርታው እዚያ ያለሁ ይመስለዋል አሉ፤ ይሄን በኋላ ያስረዱኝ አባ ጆኤማር ናቸው።

ልናገር አስቤ ነበር። ነገር ግን ፕሮፌሰሩን ከአባ ሩፊኖ እንዴት ልንጠቅ? መነጽር አድርገውለታል፣ ሚስት ቀብረውለታል።

ስለዚህ የእንግዳውን አልጋ አነጠፍኩ። አባ ሩፊኖ መጥተው አዩና «ትራሱ ሁለት ይሁን፤ ብዙ የሚያነብ ሰው አንገቱን ያመዋል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ያመኛል።

«ምን ይወድ ይሆን፣ ኢንዳይ?»

«ካዶስ አተር በአሳማ ሥጋ ይወዳል፣ አባ። ላንግካ ፍሬ በዛ ያለበት።»

«በምን አወቅሽ?»

«ማን ይጠላል ብዬ ነው።»

በበዓሉ ቀን ጸጉራቸውን ተቆርጠው፣ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ከወደቡ ባለሦስት እግር ሞተር በመጣ ቁጥር ይነሳሉ። አንዱ ዶሮ አራገፈ። ሌላው የተማሪ እናት። ምሳ ቀረበ፣ ተበላ፣ ተዘፈነ። የእንግዳው ቦታ ላይ ሳህኑ እንደተከደነ ነበር። አባ ጆኤማር በር ድረስ ሄደው «አባ፣ ይግቡና ይቅመሱ እንጂ» አሏቸው።

«መርከቡ ዘግይቶ ይሆናል።»

አባ ጆኤማር አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ሰው ሁሉ ጋደም ሲል፣ ያቺ የእኔ ሰዓት ስትደርስ፣ ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ወደ በሩ ሄድኩ። አጠገባቸው ቆምኩ። ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። ከልማድ ብቻ፣ ሳያዩኝ፣ «ስንተኛው ገጽ ላይ ደረስሽ፣ ኢንዳይ?» አሉ።

«ዘጠኝ።»

አልሰሙኝም። ወይም ቀልድ መሰላቸው።

«ዘጠኝ ደርሻለሁ፣ አባ። ዓሣ አጥማጁ ግን አልተመለሰም።»

ዞሩ።

አንዴ ጀምሬያለሁ፤ ቀጠልኩ። «መጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ዓሣ አጥማጅ። ሚስቱ ልትሞት ስትል ዳግመኛ ባሕር አልገባም ብሎ የማለላት። ሌላ ሥራ የማያውቀው። ከእሱ በኋላ ሊቃውንቱ ገቡና ቃል ያስራል አያስርም እያሉ እስከ ዘጠኝ ድረስ ይከራከራሉ። እሱ ግን ጠፋ። ልጆች ነበሩት አይደል? ምን በሉ?»

አባ ሩፊኖ እኔን አዩ። በእጄ የያዝኩትን ስልክ አዩ። ከዚያ አንዴ ደግሞ መንገዱን አዩ፤ ይቺኛዋ ትንሽ አመመችኝ።

«ከምሳ እስከ እራት?» አሉ።

«ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ አባ።»

«ሴቡስ?»

«ሴቡን ረግጬው አላውቅም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ሊስቁ ይሁን ሊያለቅሱ ለራሳቸውም አልለየላቸውም። «ሊቃውንቱ ሁሉ በየመጽሐፋቸው ስለ ቃሉ ጽፈዋል» አሉ። «ስለ ልጆቹ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም። አባቴ ነው፣ ኢንዳይ።»

«ባሕር ገባ?»

«አልገባም። ዳር ተቀምጦ የሰው መረብ ሲጠግን ኖረ። አልበቃንም፤ ወንድሞቼ ለየዘመዱ ተበተኑ። እኔን ሴሚናሪ ሰጠኝ፤ ሩዝ ስለነበረ ነው። ቃሉን ጠበቀ፣ እኛ ተበተንን። ልክ ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም። መጽሔቱን የጀመርኩትም የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ብዬ ነበር።»

እኔም አላውቅም ነበር። ስለዚህ «ምግቡ ቀዘቀዘ» አልኳቸው።

ብድግ ብለው ክንዴን ያዙኝና ቀጥታ ወደ አባ ጆኤማር ክፍል ወሰዱኝ። «እንግዳው መጥቷል» አሉ። አባ ጆኤማር ከእንቅልፋቸው እየተነሱ ከኋላዬ ሰው ፈለጉ። ከእኔና ከሽርጤ በስተቀር ማንም አልነበረም።

«የታል?»

«ይቺውና። ቃል ሰጥተዋል፣ አባ ጆኤማር። ቃል ምን ያህል እንደሚያስር ማወቅ ከፈለጉ የጻፍኩት አለኝ።»

አባ ጆኤማር ስልኬን ተቀብለው አገላበጡት፤ የሴቡንም ነገር ያስረዱኝ ያኔ ነው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ፤ ቆይተው ግን በቀስታ «ይቀጥላላ» አሉ። «ጽሑፉን ግን አይስጡኝ።» በእንግዳው ቦታ አስቀምጠውኝ ካዶሱን አብረን በላን።

አሁን ከምሳ በኋላ የወረቀቱን መጽሔት ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አብረን እናነባለን። እኔ በጣቴ መስመሩን እከተላለሁ፣ እሳቸው ቃሉ ሲያስቸግረኝ ይጠብቁኛል። በዚህ የተነሳ መጽሔቱ አንድያ አንባቢውን ካርታው ላይ አጥቷል። ጠዋት ጠዋት ግን ኮምፒዩተራቸውን መክፈት አልተዉም። «ሴቡ ዛሬም ጠፍቷል» ይላሉ ኮስተር ብለው፣ በመነጽራቸው ሥር እያዩኝ። «ምናልባት ሥራ ጠርቶት ይሆናል።» ሻያቸውንም ሳይቀዘቅዝ ይጠጡታል።

ዐሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደርሰናል። ለእናንተ ልንገራችሁ፣ ንባቤ ከበፊቱ ብዙ ፈጥኗል፤ ብተወው ገጹን በአንድ ቁጭታ እጨርሰዋለሁ። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። ገጹ ቶሎ ካለቀ ተነስተው ወደ ክፍላቸው ይሄዳሉ።