ለሰባተኛው ሙዚቃ የተሰበሰበ ፍራሽ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጎረቤታችሁ በማለዳ መጥታ «ትርፍ ፍራሽ አላችሁ?» ብትላችሁ ምን ታስባላችሁ? እናንተ የት እንደምትኖሩ አላውቅም። ወላይታ ሶዶ፣ በተለይ እኛ ሰፈር ከሆናችሁ ግን የምታስቡት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ሞቷል። ቦምቤና ተበላ ከሚባሉት የአካባቢያችን ከተሞች የሚመጣው ዘመድ የሚያድርበት ያስፈልገዋልና ከየቤቱ ፍራሽ ይወጣል። ለሠርግ ወንበር፣ ለለቅሶ ፍራሽ፤ ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። በዚያ ቅዳሜ የረሳችው እናቴ ብቻ ናት።

ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ይህን ስጽፍ ራሱ ጆሮዬ እየጋለ ነው።

እህቴ አስቴር ቫዮሊን ትጫወታለች። ቤተ ክርስቲያን፣ ከመዘምራኑ ጋር ተጀምሮ አዲስ አበባ ሲደርስ ጃዝ የሆነ ቫዮሊን ነው። ጃዝ ምንድን ነው ብላችሁ እንዳታሳፍሩኝ፤ እኔ የገባኝ፣ ዜማው ከቤት ወጥቶ ሲዞር ሲዞር ይቆይና ሁሉም «በቃ ጠፋ» ሲለው በጓሮ በር ተመልሶ የሚገባበት ሙዚቃ መሆኑ ነው። የመጀመሪያ አልበሟን ስድስት ሙዚቃዎች እዚያው ስቱዲዮ ቀድታ ጨርሳለች። የቀረው ሰባተኛው ነው። እሱ በአገራችን የለቅሶ ዜማ ይጀምርና መሐል ላይ አንድ ሰው «ተነሱ!» ብሎ ሲጮህ ከበሮው ገብቶ ወደ ጭፈራ ይገለበጣል። ጯሂዋ እኔ እንድሆን ፈለገች። እኔ! ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ ለዴስኩ «አቤት» የምለው እኔ! አስቴር ግን አንድ ጊዜ ቦምቤ፣ በአያታችን የበቆሎ ማሳ ውስጥ ዝንጀሮ ሳባርር ሰምታኛለች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ድምፅ አልዋጥላት ብሏል።

«አዲስ አበባ አልሄድም» አልኳት በስልክ።

«እንግዲያው ስቱዲዮው ይመጣል» አለች።

መጣ።

ሳሎናችን ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው በፍራሽ መሸፈን ነበረበት። እናቴ «ፍራሽ ግድግዳ ላይ ልሰቅል ነው» ማለት አፈረችና (እኔ ከማን እንደወጣሁ ገባችሁ?) በየደጁ «የአስቴር ጉዳይ ነው» ብላ ብቻ አሥራ አንድ ፍራሽ ሰበሰበች። አስቴር ንጋት ላይ ስትገባ ደግሞ ማንም አላያትም። ጎረቤት ያየው፣ ጥቁር በጥቁር የለበሱ ወጣቶች ከመኪና አንድ ረጅም ጥቁር ሣጥን አውርደው፣ ቀስ ብለው፣ ሁለቱ ተሸክመው አንዱ ከኋላ እየተከተለ ወደ ቤታችን ሲያስገቡ ነው።

ኪቦርድ ነበር።

ቀረጻው ተጀመረ። ቫዮሊኑ አለቀሰ፣ ተራዬ ደረሰ፣ ሁሉም አዩኝ።

«ተነሱ» አልኩ።

ድምፅ ቀጂው የጆሮ ማዳመጫውን ጫን አድርጎ፣ «ለማን ነው የነገርሽው?» አለ።

እንደገና። እንደገና። በአምስተኛው ከበሮ መቺው፣ «ኧረ ሰዎቹ እንዲህ ከተባሉማ ጭራሽ እንቅልፍ ነው የሚወስዳቸው» አለ። በዘጠነኛው አስቴር ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ጓደኞቿ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ሐዋሳ ይሄዳሉ፤ ማታ እዚያ ሥራ አላቸው። «አንቺ ካልሆንሽ ሰባተኛውን ከአልበሙ አወጣዋለሁ» አለች። አልተቆጣችም፤ የባሰውም እሱ ነው። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ የኔ እናት።»

ዓይኗን ጨፈነች። ቫዮሊኑ ማልቀስ ጀመረ። አሁን ግን ሌላም የሚያለቅስ አለ። ከውጭ።

«ወይ አስቴር! ወይ የኔ አበባ! ሳላይሽ!»

የአጥር ጎረቤታችን እማማ ዳምጤ ናቸው። ከእሳቸው ኋላ ደረት የሚመቱ ሴቶች፤ ከሴቶቹ ኋላ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ጋንታ፣ ድንኳኑን አሸክመው። ምን ይፈረድባቸዋል? ፍራሹ ወጥቷል፣ ሣጥኑ ገብቷል፣ አሁን ደግሞ የለቅሶው ዜማ ራሱ በግድግዳው በኩል እየተሰማ ነው።

በሩ ተበረገደ። እማማ ዳምጤ ደፉ ላይ ቆመው፣ የሞተችው አስቴር የራሷን ለቅሶ በቫዮሊን ስትመራ አዩ። የበሩን መቃን ለመያዝ ሲዳብሱ ታየኝ። እኚህ ሴትዮ ደም ግፊት አለባቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ከእግሬ ጣት ጀምሮ አንድ ነገር ተነሳና በጉሮሮዬ ወጣ፦

«ማንም አልሞተም!»

ዝንጀሮ ቢኖር ሩጫውን ቦምቤ ላይ ነበር የሚያቆመው። ከበሮ መቺው ደንግጦ ይሁን ምልክቱ መስሎት አልነገረንም፤ ብቻ ገባ። ቤዝ ጊታሩ ተከተለው፣ ኪቦርዱም። እማማ ዳምጤ ጠጋ ብለው የአስቴርን ክርን ነኩ፣ ሙቀቷን አረጋገጡ፣ ከዚያ እልል አሉ! ሴቶቹ በለቅሶ ነጠላቸው ጨፈሩ። ጋሽ ጋንታ እንኳ በድንኳኑ ቋሚ መሬቱን ይመቱ ጀመር፤ ምት ግን አይጠብቁም። ለሐዘን የመጣው ንፍሮ በሳቅ አለቀ።

አልበሙ ወጥቷል። ሰባተኛው ላይ ከለቅሶው እስከ እልልታው ሁሉም አለ። እማማ ዳምጤ ለቅሷቸው ከጋሽ ጋንታ ሳል አንሶ ተቀድቷል ብለው ቅር ተሰኝተዋል።

እኔስ? አንደበቷ ተፈታ ብላችሁ እንዳትደሰቱ። አልበሙ በወጣ በሰኞው የሒሳብ መምህራችን ስም ሲጠሩ እንደ ልማዴ ለዴስኩ «አቤት» አልኩት።

«ጮክ በይ እንጂ! አለሽ ወይስ የለሽም?» አሉ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ መለሰልኝ፦

«ማንም አልሞተም!»

መምህሩ ስሜ ላይ ምልክት አደረጉ። ተገኝቻለሁ ማለት ነው።